ሁለት ወንድማማቾች በሁለት እጅ

የቪዲዮ ጌም ነገር በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት ወላጅ ይገኛል። አንደኛው «ሁሉም የሰይጣን ሥራ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሁለተኛው ደግሞ «ልጄ ከመንገድ ላይ ከሚውል ቤት ተቀምጦ ቢጫወት ይሻላል» ብሎ የሚጫወተውን ሳይጠይቅ ይተወዋል። እነዚህ ሁለት ወላጆች የማይገናኙ ቢመስሉም አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ይኸውም ልጃቸው በእጁ የያዘው ነገር ምን እንደሚያስተምረው ቀርበው አለማየታቸው ነው።

ውድ አንባብያን! ስለ ጨዋታዎች ሁሉ በአንድ ቃል መፍረድ ስለ መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ቃል እንደ መፍረድ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ አንድ ጨዋታ ብቻ መርጠን ከመነሻው እስከ መድረሻው እንመለከተዋለን። መጨረሻውንም ሳንደብቅ እንናገራለን፤ ለወላጅ የሚጠቅመው ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነውና።

ጨዋታው «ብራዘርስ፦ ኤ ቴል ኦፍ ቱ ሰንስ» ይባላል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወንድማማቾች፤ የሁለት ልጆች ታሪክ» እንደ ማለት ነው። ስታርብሪዝ የተባለ የስዊድን ድርጅት ሠርቶት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ቀረበ። በ2024 ደግሞ እንደ አዲስ ተሠርቶ በድጋሚ ወጥቷል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያልቅ አጭር ጨዋታ ነው።

የአባት መድኃኒት ፍለጋ

ታሪኩ የሚጀምረው በእናት መቃብር አጠገብ ነው። ናኢ የተባለው ታናሹ ልጅ እናቱ ባሕር ውስጥ ስትሰጥም በዓይኑ አይቷል፤ ሊያድናት ግን አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ውኃ ይፈራል፤ መዋኘትም አይችልም። ብዙ ሳይቆይ አባታቸው በጽኑ ይታመማል። ታላቁ ናያና ታናሹ ናኢ አባታቸውን በጋሪ እየገፉ ሐኪም ዘንድ ያደርሱታል። ሐኪሙም መድኃኒቱ እጅግ ሩቅ በሆነ ስፍራ ካለ አንድ ታላቅ ዛፍ የሚገኝ ውኃ መሆኑን ያመለክታቸዋል። ልጆቹም «ለምን እኛ?» ሳይሉ ጉዞ ይጀምራሉ።

የመንገዱ መጀመሪያ ለምለም መስክና የገበሬ መንደር ነው። እየራቁ በሄዱ ቁጥር ግን ዓለሙ ይጨልማል። በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የታሰሩ ግዙፍ ፍጡራን ያጋጥሟቸዋል። ግማሹ ንሥር፣ ግማሹ አንበሳ የሆነ ቁስለኛ እንስሳ ከእስር ያስፈታሉ። በጦርነት ያለቁ ግዙፋን ሬሳ ተጋድሞ ወንዙ በደም የቀላበትን ሜዳ ያቋርጣሉ። እዚያም አንዲት ልጃገረድ ለመሥዋዕትነት ልትታረድ ስትል ያድኗታል። ነገር ግን ልጃገረዷ የሰው መልክ የለበሰች አውሬ ሆና ትገኛለች። ታላቁን ወንድም ወግታ በብርቱ ታቆስለዋለች።

በጨዋታው ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ የትም አገር የሌለ፣ ለጨዋታው ሲባል የተፈጠረ ነው። ታሪኩ የሚገባው በእጅ ምልክት፣ በፊትና በድምፅ ቃና ነው። በመሆኑም የትኛውም አገር ልጅ ያለ አስተርጓሚ ይከታተለዋል።

እጅ የሚማረው

እንግዲህ ይህን ጨዋታ ከሌላው የሚለየው ታሪኩ ብቻ አይደለም። የጨዋታ መያዣው፣ ልጆች ጆይስቲክ የሚሉት ማለት ነው፣ በግራና በቀኝ በአውራ ጣት የሚገፉ ሁለት መዘውሮች አሉት። በአብዛኛው ጨዋታ አንዱ ሰውየውን ሲያስኬድ ሌላው ዙሪያውን ለማየት ያገለግላል። እዚህ ግን የግራው መዘውር ታላቁን ወንድም፣ የቀኙ ደግሞ ታናሹን ያስኬዳል። ከግራ በኩል ያለው ቁልፍ የታላቁ እጅ ነው፤ ከቀኝ ያለው የታናሹ። አንድ ተጫዋች ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይመራል።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ያስቸግራል። አንዱን ስትመለከት ሌላው ከግድግዳ ጋር ይጋጫል። ቀስ በቀስ ግን እጅ ይለምዳል። ታላቁ ጉልበት ስላለው ከባዱን ማንሻ ይስባል። ታናሹ ቀጭን ስለሆነ በብረት አጥሮች መካከል ሾልኮ ያልፋል። ውኃ ሲመጣ ታናሹ በታላቁ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገራል። በአንድ ስፍራ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ገመድ ታስረው ከፍ ያለ ግንብ ይወጣሉ፤ አንዱ አጥብቆ ይዞ ሲቆይ ሌላው ተወዛውዞ ወደ ፊት ይሻገራል። አንዱ እጁን ከለቀቀ ሁለቱም ይወድቃሉ።

ለመሆኑ በብዙ የጦርነት ጨዋታዎች የልጃችን ጣት ሰዓታት ሙሉ የሚለማመደው ምንድን ነው? አልሞ መተኮስን ነው። እዚህ የሚለማመደው ደግሞ ወንድምን መጠበቅን፣ መደገፍንና መሸከምን ነው። ሁለቱም «ቪዲዮ ጌም» ይባላሉ። ስማቸው አንድ ቢሆንም ትምህርታቸው አንድ አይደለም።

ሥራ የፈታው እጅ

ወንድማማቾቹ ዛፉ ዘንድ ሲደርሱ ቁስለኛው ናያ መሄድ ያቅተዋል። ታናሹ ብቻውን ወጥቶ ውኃውን ይቀዳል። ሲመለስ ወንድሙ ሞቷል። ተጫዋቹ ራሱ በታናሹ እጅ ወንድሙን ወደ መቃብሩ ይጎትታል፤ አፈርም ይመልስበታል። ከዚህ በኋላ የግራ እጅ ሥራ ፈት ይሆናል። ለሰዓታት ታላቁን ሲያስኬድ የቆየው አውራ ጣት ቢገፋ የሚንቀሳቀስ የለም። ፊልም ሐዘንን ለዓይን ያሳያል፤ ይህ ጨዋታ ግን ጉድለቱን በጣት ያስዳስሳል።

ናኢ ወደ ሰፈሩ ሲደርስ ማዕበል ያለበት ውኃ ከፊቱ ይጋረጣል። ካልተሻገረ አባቱ ይሞታል። በቀኝ በኩል ያለውን የራሱን ቁልፍ ብንጫን ልጁ ፈርቶ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ምንም ጽሑፍ አይታይም፤ ማንም «እንዲህ አድርግ» አይልም። ተጫዋቹ ግራ ተጋብቶ የሟቹን የናያን ቁልፍ ሲጫን ግን ታናሹ ዘሎ መዋኘት ይጀምራል። ያሳደገው ወንድም ቢሞትም ጉልበቱ በታናሹ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ትምህርት በቃል ቢነገር ልጅ ሰምቶ ይረሳው ይሆናል። በእጁ ሲያገኘው ግን የራሱ ይሆናል።

ይህን ያሰበው ማን ነው?

የጨዋታው መሪ ዮሴፍ ፋሬስ ይባላል። በ1977 (እ.ኤ.አ.) በቤይሩት ተወለደ። የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1975 እስከ 1990 የቆየ ሲሆን፣ የፋሬስ ቤተሰብ እሱ 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው አገሩን ለቅቆ ስዊድን ገባ። ዮሴፍ አድጎ የፊልም ሠሪ ሆነ። በ2000 የሠራው «ያላ! ያላ!» የተባለው ፊልም ዋና ተዋናይ ታላቅ ወንድሙ ፋሬስ ፋሬስ ነበር። በ2005 የወጣው «ዞዞ» ደግሞ በጦርነት ቤተሰቡን አጥቶ ወደ ስዊድን ስለሚሄድ የሊባኖስ ልጅ የሚተርክ ነው።

ይህ «ወንድማማቾች» የመጀመሪያ ጨዋታው ነው። በ2014 ከብሪታንያው የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ፣ ባፍታ ከሚባለው፣ ለአዲስ የጨዋታ ፈጠራ የሚሰጠውን ሽልማት አግኝቷል። ፋሬስ በዚያው ዓመት የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ሁለት ሰዎች ካልተባበሩ የማይሄዱ ጨዋታዎችን ሲሠራ ቆይቷል። ከነዚህ አንዱ የሆነው «ኢት ቴክስ ቱ» በ2021 በአሜሪካ በተካሄደው ታላቅ የጨዋታዎች ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ተብሏል።

ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ

ጨዋታውን ማመስገናችን እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም። አንደኛ፣ ለሕፃን የሚሆን አይደለም። ደም፣ ሬሳ፣ ራሱን ሊሰቅል የሚሞክር ሰውና የመሥዋዕት ሥርዓት ይታዩበታል። ወንድማማቾቹ ከጠላት ለመሰወር ደም የሚቀቡበት ቦታም አለ። ሁለተኛ፣ ፈውስን ከተአምረኛ ዛፍ የሚጠብቅ፣ የሞተች እናትም ተገልጣ የምታጽናናበት ተረት ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፈዋሹ አላህ ብቻ መሆኑንና የሙታን ነገር በተረት እንደማይወሰን ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። ተረትን ተረት ብሎ የሚያውቅ ልጅ አይጎዳም፤ የሚጎዳው የሚያስረዳው ያጣ ነው።

ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? መጀመሪያ የዕድሜ ምልክቱን ይመልከት። በአውሮፓ ከ2003 ጀምሮ በጨዋታ ማሸጊያ ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ይታተማል። ቁጥሩ የጨዋታውን ክብደት ሳይሆን ይዘቱ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ያመለክታል። ቀጥሎም አንድ ጊዜ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ እጅህ በዚህ ጨዋታ ምን ይሠራል? ለማሸነፍ ማንን መርዳት ወይም ማንን መጉዳት አለብህ? ጨዋታው መጨረሻ አለው ወይስ ሁልጊዜ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል?

ታላላቅ ልጆችም ሆይ! ይህ ጨዋታ የሚነካችሁ በናንተ በኩል ነው። ታናሻችሁ ዛሬ በጀርባችሁ ላይ የተንጠለጠለ ሸክም ሊመስላችሁ ይችላል። ቁርኣን ስታስቀሩት፣ ሒሳብ ስታስረዱት፣ መንገድ ስታሻግሩት የምታወጡት ትዕግሥት ግን በከንቱ አይቀርም። እናንተ በሌላችሁበት ቀን የሚዋኘው በዚያ ነው።