ከፋሲካ በኋላ የሚመለሰው ኪሎ

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋውና ቅቤው፣ ወተቱና እንቁላሉ ይቀራል፤ ብዙ ጿሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ይውላል። ዘይት፣ ዳቦና ፓስታ ያበዛ ባይከሳም የብዙዎች ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ይገባል። ከዚያ ፋሲካ ነው። ዶሮው፣ ክትፎው፣ ድፎ ዳቦው፣ ጠላው፤ ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲያ ደግሞ ሠርጉ ይከተላል። ሰኔ ሳይገባ የወረደው ኪሎ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ጭማሪ ይዞ።

ጾሙ ለነፍስ ነው፤ ከሚዛን ጋር ጉዳይ የለውም። የሚያሳዝነኝ በጾምም ይሁን በጂም የቀነሰ ሰው ኪሎው ሲመለስበት በራሱ ላይ የሚፈርደው ፍርድ ነው። «ወኔ የለኝም» ይልና እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

ፍርዱ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ወፍራም ሰዎችን ለ10 ሳምንት በጣም ጥቂት ምግብ እየሰጠ አከሳቸው። ከዓመት በኋላ ደማቸው ሲመረመር ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን አሁንም ከፍ ብሎ፣ ጥጋብን ለአንጎል የሚናገረው ሌፕቲን አሁንም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሰዎቹን ከመክሳታቸው በፊት ከነበረው ይልቅ ይርባቸው ነበር። በአሜሪካ ደግሞ «ዘ ቢገስት ሉዘር» በተባለው የቴሌቪዥን ውድድር በአንድ ጊዜ እጅግ የከሱ 14 ተወዳዳሪዎች ከ6 ዓመት በኋላ ተመረመሩ። አብዛኞቹ ብዙውን ኪሎ መልሰዋል። ሰውነታቸው ግን በዚያ ክብደት ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ያቃጥል ነበር። ሰውነት ኪሎ ሲያጣ ችጋር የመጣ ይመስለዋል፤ ያለውን ይቆጥባል፣ የጎደለውን ይጠይቃል። ይህን በወኔ ብቻ ዓመት ከዓመት መግጠም የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

ታዲያ ቀንሰው የቆዩት እንዴት ቆዩ? እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአሜሪካ ቢያንስ 13 ኪሎ ተኩል ቀንሰው ዓመትና ከዚያ በላይ የጠበቁ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። የአብዛኞቹ ኑሮ ሲታይ የሚገርም ነገር የለውም። ቁርስ ይበላሉ፤ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፣ በአብዛኛው በእግር። በየማለዳው ተነሣሽነትን ፍለጋ አይወጡም፤ ነገሩ ፊት እንደመታጠብ የዕለት ሥራቸው ሆኗል።

ልማድ እዚያ እስኪደርስ ምን ያህል ይፈጃል ለሚለው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። በአማካይ 66 ቀን ፈጀ፤ አንዱን ግን 18 ቀን ሲበቃው ሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚያስፈልገው ተገመተ። ከዚህ ጥናት ለእኛ በዓል ለሚበዛብን ሕዝብ የሚጠቅመው ሌላ ግኝት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰም። በፋሲካ ዕለት ጠግቦ የበላ ሰው ያበላሸው ነገር የለም። የሚጎዳው በዕለቱ ተስፋ ቆርጦ ማክሰኞንም፣ ረቡዕንም መተው ነው።

ልማድ የሚቆመው ደግሞ ቀድሞ ያለ ነገር ላይ ሲደገፍ ነው። ቁሌት ሲጣል አስተውሉ። ሽንኩርቱ በደረቁ ይማሰላል፣ እንዳያር ውሃ ጠብ ይደረግበታል፤ ከዚያ ጀሪካኑ ይነሣና ዘይቱ በዓይን ተለክቶ ይንዠቀዠቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ያንን ለማቃጠል ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ይጠይቃል። ጀሪካኑ አጠገብ አንድ ማንኪያ ቢቀመጥና ዘይቱ በእሱ ቢለካ ወጡ ወጥነቱን አያጣም፤ ቤተሰቡም የተለየ ምግብ አይሠራለትም። ቡናም እንዲሁ ነው። በአንድ ሲኒ ሁለት ትንንሽ ማንኪያ ስኳር የሚያደርግ ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሲነሣ ስድስት ማንኪያ ጠጥቷል። ቡናውም ጨዋታውም ሳይቀር ስኳሩን ቀስ በቀስ መቀነስ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ የሌላው ሰው አስተያየት ነው። «ምነው ከሳሽ፣ አሞሻል እንዴ?» የምትል አክስት የምትጠይቀው ከልቧ ነው፤ በእሷ ዘመን መክሳት የችግርና የበሽታ ምልክት ነበር። ጉርሻን እምቢ ማለት ደግሞ ፍቅርን መግፋት ይመስላል። ስለዚህ ብቻውን ለመቀነስ የሚነሣ ሰው በየማዕዱ ክርክር ይገጥመዋል። ሚስት ወይም ባል፣ እናት ወይም የቢሮ ባልደረባ አብሮ ሲገባበት ግን ክርክሩ ይቀራል።

ለውጥ ከማዕዱና ከማኅበረሰቡ መነሣት እንዳለበት በሰፊው ያዩት ወደ እስራኤል የገቡት ወገኖቻችን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ከገጠር ሲደርሱ ስኳር በሽታ እምብዛም አያውቃቸውም ነበር። ጤፉ በነጭ ዱቄት ሲተካ፣ ረጅሙ መንገድ በአውቶቡስ ሲተካ፣ ለስላሳው ሲበዛ በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በረታባቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 በሐዴራ የተቋቋመው «ጤና ብሪዑት» የተባለ ድርጅት የጤና ትምህርቱን በአማርኛ፣ በማኅበረሰቡ ልጆች አፍ፣ ሰው በሚበላው ምግብ ላይ ተመሥርቶ መስጠት ጀመረ። የሐኪም ወረቀት ማዕዱን ካላወቀው ማዕዱን አይለውጠውም።

እኛ አገርም ጉዳዩ እየሰፋ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ ሴቶች 3 ከመጠን በላይ ክብደት ነበራቸው፤ በ2016 ወደ 8 አደገ። በዚያው ዓመት ከመቶ 22 የሚሆኑት ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ። የጤና ሥርዓታችን ዓይኑን በረሃብ ላይ ማቆየቱ ያስፈልጋል፤ ስኳርና ደም ግፊት እስኪመጣ ድረስ ስለ ክብደት የሚያነጋግር ባለሙያ ማጣት ግን ዋጋ እያስከፈለን ነው። ትርፍ ኪሎው በሙሉ መውረድ እንኳን አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 ከመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲታገዙ በሽታው በ58 ከመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለው ኪኒን የቀነሰው በ31 ከመቶ ነበር። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 ከመቶ ከስድስት ኪሎ ብዙም አይበልጥም።

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ መኪና የማይገባባቸው የእሑድ ጎዳናዎች ሲጀመሩ ደስ ያለኝ ለዚህ ነበር፤ እናቶች በነጠላ፣ ሕፃናት በብስክሌት አስፋልቱን ሞልተውት ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት የመስቀል አደባባይን ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱት፣ ጃንሜዳ የሚሮጡትም የአዲስ አበባ ሀብት ናቸው። ግን በሳምንት 150 ደቂቃ በወር አንድ እሑድ አይሞላም። ከአደባባዩ ርቃ የምትኖር፣ ከሥራ በኋላ ካልሆነ ጊዜ የሌላት ሴት የምትፈልገው ሰፈሯ ውስጥ መብራት ያለበት፣ ድንጋይና አሸዋ ያልተከመረበት የእግረኛ መንገድ ነው። አዲስ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች በዋና ጎዳናዎች ዳር ናቸው፤ ቀጣዩ በጀት ወደ ውስጥ ለውስጡ መንገድ ይግባ፤ ጤና ጣቢያውም የወገብ መለኪያ ሜትሩን አውጥቶ ነፍሰ ጡርን በሚከታተልበት ትጋት ይህችን ሴት ይከታተላት።