የላዳ ክሮቸራ ስትቀይሩ

ከፊያት 124 የተቀዳችው ላዳችሁ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስትወጣ፣ ማርሽ በቀየራችሁ ቁጥር ከሥር «ቋ» ካለች ክሮቸራውን፣ ማለትም የሻፍቱን መስቀለኛ መጋጠሚያ፣ እዩ። ቆቦቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ግራሶው አልቋል፤ ቆቦቹ ውስጥ የተደረደሩት ቀጫጭን የብረት መርፌዎች እየተበሉ ነው።

ሻፍቱን ከመፍታታችሁ በፊት ጎማዎቹ ሥር ታኮ አድርጉ። ሻፍቱ የወጣ መኪና ማርሽ ውስጥ ቢሆንም ማርሹ አይይዘውም፤ እኛ ሰፈር ዳገት ላይ ደግሞ ይህ ነገር ሰው ይገድላል፣ እባካችሁ! ሻፍቱ በነበረበት አቅጣጫ እንዲታሰር መጋጠሚያውን ጭራችሁ ምልክት አድርጉ።

አሮጌውን ክሮቸራ ካወጣችሁ በኋላ አዲሱን ቆብ በሞርሳ ቀስ እያላችሁ ግፉት። መያዣ ቀለበቱ አልገባ ካለ መዶሻ አታንሱ፤ ብዙ ጊዜ አንዷ መርፌ ወድቃ ቆቡ ሥር ተጋድማለች። አውጥታችሁ በግራሶ መልሳችሁ አቁሟት። የተገጠመው ክሮቸራ በእጅ ሲታጠፍ የትም ቦታ መያዝ የለበትም፤ ከያዘ ሻፍቱን መልሳችሁ አትሰሩት።