ፕሮሰሰርን ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ ማሠራት፦ ተረትና እውነታ

አምቦ ላይ ስለዚህ አሠራር፣ ስለ ኦቨርክሎክ፣ ወሬ ከተነሳ አንዱ «ያቃጥለዋል» ይላል፤ ሌላው «ያለ ገንዘብ የሚገኝ ፍጥነት ነው» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም የሚዘሉት ጥያቄ አለ፦ ማሽኑ መጀመሪያውኑ ይፈቅዳል ወይ?

ተረት 1፦ በማንኛውም ዴስክቶፕ ይቻላል

እውነታ፦ ከቢሮ ወጥተው ለሽያጭ የሚቀርቡት እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ያሉ ማሽኖች በአብዛኛው ዝግ ናቸው። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች የፍጥነት ማባዣቸው ክፍት የሆነው በመደበኛነት ከቁጥራቸው ቀጥሎ «ኬ» ፊደል ያለባቸው ናቸው፤ ማዘርቦርዱም የ«ዜድ» ቺፕሴት ሊኖረው ይገባል። ኮር አይ5-6500 ዝግ ነው፤ አይ5-6600ኬ ግን ክፍት ነው። የኤኤምዲ ራይዘን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶች በቀር ክፍት ናቸው፤ ይሁንና ቢ550 ቦርድ ሲፈቅድ ኤ520 አይፈቅድም። ማሽንዎ ዝግ ከሆነ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል። ይልቁንም ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ለዕለት ተዕለት ሥራ ከኦቨርክሎክ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ተረት 2፦ ፕሮሰሰርን የሚገድለው ፍጥነት ነው

እውነታ፦ የሚጎዳው ከልክ ያለፈ ቮልቴጅና አብሮት የሚመጣው ሙቀት ነው። የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ሁለቱን በ10 በመቶ ብቻ ከፍ ቢያደርጉ ፍጆታው በ33 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ 65 ዋት የነበረው ወደ 86 ዋት ይጠጋል። በ2024 ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ላይ የታየው ብልሽት ከልክ ካለፈ ቮልቴጅ ጋር የተያያዘ መሆኑን አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ችግሩ ማንም ሳይነካቸው በፋብሪካ ቅንብር በሚሠሩት ላይም ደርሷል። ስለዚህ ቮልቴጅን ለቦርዱ «አውቶ» ምርጫ ትቶ መዘናጋት አይገባም፤ ብዙ ቦርዶች ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጣሉ።

ተረት 3፦ አየራችን ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀት አያሳስብም

እውነታ፦ ግማሹ ልክ ነው። የክፍሉ አየር በ5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ይቀዘቅዛል። ነገር ግን አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯም በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ዙር ቢሽከረከርም የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀትም እንዲሁ። ባኮ ዝቅ ብላ 1,650 ሜትር አካባቢ ስለምትገኝ አየሯ ወፈር ይላል፤ ቀኑ ግን ይሞቃል። አምቦ ላይ በማለዳ የተፈተነ ቅንብር ባኮ ላይ በቀትር እንደገና መፈተን አለበት። አውራ መንገድ ዳር ባለ ሱቅ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሂትሲንኩን አቧራ ማጽዳትና የደረቀውን ተርማል ፔስት መቀየር ይቀድማል።

ተረት 4፦ መብራት ስለሚዋዥቅ ኦቨርክሎክ አይታሰብም

እውነታ፦ የግድግዳው 220 ቮልት ፕሮሰሰሩ ጋ በቀጥታ አይደርስም። ፓወር ሰፕላዩ ወደ 12 ቮልት፣ ማዘርቦርዱ ደግሞ ወደ 1.2 ቮልት ገደማ ያወርደዋል። የሚያሰጋው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ጭነት ሲበዛበት 12ቱን ቮልት አጽንቶ መያዝ ያቅተዋል። የባዮስ ቅንብር እየለወጡ መብራት ቢጠፋ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ባዮሱን ራሱን በአዲስ እያደሱ ቢጠፋ ግን ቦርዱ ላይነሳ ይችላል። እድሳቱን ያለ ዩፒኤስ አይጀምሩ።

ተረት 5፦ ዊንዶውስ ከከፈተ ተሳክቷል

እውነታ፦ ያልጸና ኦቨርክሎክ ሁልጊዜ በሰማያዊ ስክሪን አይታወቅም። ዝም ብሎ ስሌት ሊያሳስትና ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚሠራበት ተማሪ ይህ ከመቃጠል ይብሳል። የጓደኛን ቁጥር መገልበጥም አያዋጣም፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፕሮሰሰሮች አቅማቸው እኩል አይደለም።

ለጀማሪ የሚሆን ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ፋይልዎን ሌላ ቦታ ይቅዱ። ምንም ሳይነኩ በኤችደብልዩኢንፎ ፕሮግራም የሙቀቱን መጠን፣ በሲኔቤንች ደግሞ የፍጥነት ውጤቱን ይመዝግቡ። ባዮስ ገብተው ማባዣውን ብቻ በአንድ ከፍ ያድርጉ፤ 42 ከነበረ 43፣ ማለትም 4.3 ጊጋኸርዝ። ማባዣው የሚያባዛውን የ100 ሜጋኸርዝ መነሻ አይንኩ፤ ሌሎች ክፍሎችም በእሱ ላይ ተንጠልጥለዋል። ከዚያ የጭነት መፈተኛውን ፕሮግራም ፕራይም95ን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያስኪዱ። ሙቀቱ 85 ዲግሪ ካለፈ ወይም ስህተት ከመጣ አንድ ደረጃ ይመለሱ፤ የመጨረሻውን ቅንብር ለሰዓታት ይፈትኑት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ማሽኑ አልነሳ ካለ ከሶኬቱ ነቅለው የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት ቅንብሩን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ያዋጣል?

በ2011 የወጣው አይ5-2500ኬ ከ3.3 ተነስቶ 4.5 ጊጋኸርዝ መድረሱ የተለመደ ነበር። የዛሬዎቹ ግን በራሳቸው ቱርቦ ወደ ጣሪያቸው ተጠግተው ስለሚመጡ ቀሪው ትርፍ ብዙውን ጊዜ ጥቂት በመቶ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ክፍት ፕሮሰሰርና ጥሩ ማቀዝቀዣ ላለው ሰው ሙከራው ይገባዋል። ለጽሕፈትና ለፎቶኮፒ ቤት ግን ትርፉ አይታይም፤ ማሽኑ አንድ ቀን ቢቆም ግን ኪሳራው ወዲያው ይታያል።