መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል?

የአንድ ጓደኛችን አጎት ከመቂ ሽንኩርት እየጫኑ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልሱበት አንድ ፒክአፕ አላቸው። ይህ ፒክአፕ በኮረኮንች መንገድና በከተማ ውስጥ ሲሄድ ምንም እንከን የለበትም። ሞጆ ላይ፥ ወደ አዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ገብቶ ፍጥነቱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ግን መሪው በነጂው እጅ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ 90 ላይ ይብሳል፤ 110 ሲደርስ ደግሞ ማንም ሳይነካው ጸጥ ይላል። አጎታችን (እኛም አጎታችን ማለት ከጀመርን ቆይተናል) ሁለት ጋራዥ ዞረዋል። በአንደኛው አሞርዛተር አስለወጡ። በሁለተኛው የመሪው ዘንግ መጋጠሚያዎች ተለወጡ፤ ጎማዎቹም ሁለት ጊዜ ባላንስ ተደረጉ። መሪው ግን እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ አራት አዲስ ጎማ ለመግዛት ገንዘብ ሊበደሩ በተነሡበት ሳምንት ነው ጓደኛችን ነገሩን ወደ እኛ ያመጣው።

እኛ መካኒኮች አይደለንም። ቢሆንም ያወጡት ገንዘብ ሁሉ የወጣው በግምት መሆኑን ለማየት መካኒክ መሆን አላስፈለገንም።

አስቀድሞ፥ ለምን በ90 ላይ? የዚህ ዓይነት ፒክአፕ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ዙሪያው 2.2 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 25 ሜትር ስለሆነ፥ ጎማው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ11 ጊዜ በላይ ይዞራል። እንግዲህ በቸርኬው ጠርዝ ላይ በአንድ ወገን 50 ግራም፥ ማለትም የአንድ እንቁላል ያህል ትርፍ ክብደት አለ እንበል። ከመሐል 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ወደ ውጭ የሚስብበት ጉልበት 5 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ያህል ነው፤ ይኸውም በሴኮንድ 11 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ። በ45 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ጉልበቱ የዚህ ሩብ ብቻ ነው፤ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነውና። የተጠራጠረ የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ደብተሩን ይግለጥ።

ታዲያ 110 ላይ ለምን ጸጥ አለ? ዥዋዥዌ የተጫወተ ሁሉ መልሱን ያውቃል። ዥዋዥዌ የራሱ የሆነ የመወዛወዣ ጊዜ አለው፤ ጊዜውን ጠብቆ የገፋው ሰው በትንሽ ጉልበት ከፍ ያደርገዋል፤ ካለ ጊዜው የገፋው ግን ይደክማል እንጂ አያወዛውዘውም። የመኪናው የፊት ክፍልም፥ ጎማውና ሞላው መሪውም አንድ ላይ፥ የራሱ መወዛወዣ አለው። 90 ላይ የጎማው ምት ከዚያ ጋር ይገጥማል፤ 110 ላይ ያልፈዋል። ይህ ጸጥታ ብዙ ሾፌሮችን ያታልላል፤ ጉልበቱ ግን እዚያም አለ፥ እንዲያውም ጨምሯል።

በመሠረቱ መኪናው በሽታውን ራሱ ይናገራል፤ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል። እኛ አጎታችንን አስነድተን ጠየቅነው። ፍሬን ሲያዝ ይብሳልን? አይብስም። ቢብስ ኖሮ የፍሬኑ ዲስክ ውፍረት በየቦታው ተለያይቷል፥ ሸራውም እየነጠረ ነው እንል ነበር። መንገዱ ነጻ በሆነበት ቦታ ለጥቂት ሴኮንድ ፍሪሲዮን ሲረገጥስ ይተዋልን? አይተውም። ስለዚህ ሞተሩ በዚህ የለበትም። የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ ወንበሩ? መሪው። ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፥ ነገር ግን ግማሹን ሥራ የሚሠራው እርሱ ነው፤ ከፊት ጎማ የሚመጣ ንቅጥቃጤ ወደ እጅ ይሄዳል፥ ከኋላ የሚመጣው ግን በወንበርና በወለሉ ይሰማል። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሲያል የሚሄደው ረጅም ዘንግ ክሮቸራው ሲላላም እንዲሁ ነው። በብዙ ፒክአፖች ዘንጉ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ ያህል ስለሚዞር፥ የእርሱ ንቅጥቃጤ እንደ ንብ መንጋ እምም ይላል እንጂ እንዲህ እጅ አይነቀንቅም።

የፊት አክስላቸው አንድ ወጥ የሆኑ መኪናዎች ሌላ ክፉ ጠባይ እንዳላቸው በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን፤ ጉድጓድ ሲመቱ መሪው ከግራ ወደ ቀኝ በኃይል ይገረፋል። መድኃኒቱ መሪውን አጥብቆ ይዞ ቀስ በቀስ ፍጥነት መቀነስ፥ ከዚያም የላሉ መጋጠሚያዎችን መፈለግ ነው። የአጎታችን ፒክአፕ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም።

በእሑድ ጧት ክሪክና የዳዶ መፍቻ ይዘን ወጣን። በመጀመሪያ ቸርኬዎቹን ከውስጥ በኩል አየን፤ በክረምት ከእርሻ መንገድ የተመለሰ መኪና በቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ይዞ ይመጣና ያ አንድ እንቁላል የምንለው ክብደት እርሱ ራሱ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ግን ንጹሕ ነበር። ቀጥለን የፊተኛውን ግራ ጎማ ከኋላው ግራ ጋር ለዋወጥን፥ ቸርኬው የሚቀመጥበትን ገጽ ከዝገት ጠርገን፥ ዳዶዎቹን ትይዩ በትይዩ አጥብቀን፥ ወደ ፈጣኑ መንገድ ሄድን። ለውጥ የለም። ያንን ወደ ቦታው መልሰን የቀኙን ለዋወጥን። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አሰልቺ ነው፤ አጎታችንም «ሁለቱንም ባንዴ አድርጉትና እንገላገል» ብለው ነበር፥ እኛ እምቢ አልን። በዚህኛው ጊዜ 90 ላይ መሪው ዝም አለ፤ ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። በሽታው ከጎማው ጋር ወደ ኋላ ተዛውሯል።

እዚህ ላይ አጎታችን ተቆጡ። «ይህ ጎማ እኮ ሁለት ጊዜ ባላንስ ተደርጓል፤ ከአራቱም ጥርሱ ያላለቀው እርሱ ነው!» አሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን የባላንስ ማሽን የሚለካው ክብደቱ በዙሪያው እኩል መከፋፈሉን ነው፤ ጎማው ክብ ይሁን አይሁን የሚጠይቀው አይደለም። በእርሳስ የተስተካከለ፥ ግን ቅርጹ የተበላሸ ጎማ በማሽኑ ላይ ዜሮ ያሳያል፤ መንገድ ላይ ጭነት ሲያርፍበት ግን በየዙሩ ይዘላል።

ጎማውን በክሪክ አንሥተን አንድ ሚስማር የተመታበት እንጨት ከጥርሱ አጠገብ አቆምን፥ ቀስ ብለንም አዞርነው። ሚስማሩ ዙሪያውን ሁሉ ሳይነካ አለፈና በአንድ ስንዝር ያህል ቦታ ላይ ጎማውን ጫረው። ቸርኬው ግን ቀጥ ብሎ ይዞራል። በእጃችን ስንዳብሰው ቦታው አብጧል። በጎማው ሆድ ውስጥ ያለው የሽቦ መረብ ከላስቲኩ መላቀቅ ጀምሮ ነበር። እንዲህ ያለ ጎማ በጭነትና በሙቀት፥ በትልቅ ፍጥነት ላይ ሳለ፥ ጥርሱ ተገንጥሎ ሊሄድ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ከፊት በኩል የሆነ እንደሆነ ምን እንደሚከተል መጻፍ አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ነበር ማንም ያልጠየቀውን የጠየቅነው፤ ከመቼ ጀምሮ? አጎታችን አሰቡና ከፋሲካ ወዲህ አሉ። ከፋሲካ በፊት ምን ተደረገ? ጎማ ተበሳና ተጠባባቂው ከሥር ወርዶ ተገጠመ። ጥርሱ ያላለቀበት ምክንያት ታወቀ። ለዓመታት ከመኪናው በታች ተንጠልጥሎ ኖሯል። በጎማ ጎን ላይ፥ በረጅሙ የፊደልና የቁጥር ተራ መጨረሻ፥ አራት አሃዝ ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለቱ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራበት ዓመት ናቸው። የዚህኛው 2311 ይላል፤ የ2011 ዓመት 23ኛ ሳምንት። ላስቲክ ሳይሠራም ያረጃል።

አጎታችን በአራት ፈንታ አንድ ጎማ ገዙ። አሮጌውን ጎሚስታው በርካሽ ሊወስደው ጠይቆ ነበር፤ እሳቸው ግን በሌላ ሰው መኪና ላይ እንዳይወጣ ጎኑን በቢላዋ ቀደው ሰጡት።