ወደ ፊት ወጥቶ መጫወት ጥፋት ነውን?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

የሚከተለውን አስተያየቴን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በዱከም ከተማ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከሥራ ሰዓት ውጭ በሰፈራችን የታዳጊዎች የእግር ኳስ ቡድን ኮሚቴ ውስጥ አገለግላለሁ። ባለፈው ወር ኮሚቴያችን ልጆቹን ያለ ደመወዝ ያሠለጥን የነበረውን ወጣት አሰናበተ። ምክንያቱም ቡድኑ ሁለት ግጥሚያ ተከታትሎ መሸነፉ ነው። ይሰናበት ብለው እጃቸውን ካወጡት መካከል አንዱ እኔ ነበርሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ኅሊናዬን ስለ ከበደው ይህን ለመጻፍ ተገደድሁ።

ወጣቱ ልጆቹን ያስተማራቸው ዛሬ «ፕሬሲንግ» የሚባለውን አጨዋወት ነው። አሰላለፉ አራት ተከላካይ፥ ሦስት አማካይ፥ ሦስት አጥቂ ነው። ኳስ በተነጠቁ ጊዜ ወደ ኋላ ሮጠው ጎላቸውን በመጠበቅ ፈንታ ሦስቱ አጥቂዎች እዚያው በተጋጣሚው ሜዳ ኳስ የያዘውን ይከባሉ፤ አማካዮቹ ኳስ ሊቀበሉ የሚችሉትን ይይዛሉ፤ ተከላካዮቹም እስከ መሐል ሜዳ ተጠግተው መካከሉን ያጠባሉ። በተለይ የሚጫኑት ኳስ ወደ ሜዳው ዳር ስትሄድ ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ መውጫ የለምና መስመሩ ራሱ እንደ አንድ ተጫዋች ያግዛቸዋል። ከተጋጣሚው ጎል አጠገብ ለተቀማች ኳስ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ቅብብል ይበቃታል።

ዳሩ ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንዱ ልጅ ቢዘገይ ኳስ በእርሱ በኩል ያልፋል፤ ከተከላካዮቹም ጀርባ ያለው ሰፊ ሜዳ ባዶ ነው። እኛም የተሸነፍነው በዚሁ ነው። ተመልካቹ «በረኛውን ብቻውን ትታችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ!» እያለ ሲጮህ እኛ የኮሚቴው አባሎች አብረን ጮኽን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እውነት ነው፤ ድሩ እስኪያብር ግን ጊዜ ይፈልጋል። እኛ የሰጠነው ሦስት ወር ብቻ ነበር።

የብሔራዊ ቡድናችንን ነገር እናስታውስ። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ከኬፕ ቬርዴ ጋር ስንጋጠም ተከላካዩ ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጥቶ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ጥር 5 ቀን ካሜሩን 4 ለ 1 አሸነፈችን። ከምድባችንም አንድ ነጥብ ብቻ ይዘን ተመለስን። ሆኖም አሠልጣኙ ውበቱ አባተ በቦታቸው ቆዩ። ሰኔ 2 ቀን በማላዊ፥ ሊሎንግዌ ላይ ከግብፅ ጋር ሲጋጠሙ ዱከም ውስጥ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አየሁ። ግብፅ በዚያው በካሜሩኑ ዋንጫ ለፍጻሜ የደረሰች ናት፤ ልጆቻችን ግን ከፊት ጀምረው እየተጫኑ እፎይታ ነሥተዋት ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ባገቧቸው ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፏት። ያን ዕለት ጠረጴዛ እየደበደብሁ የጨፈርሁት እኔ፥ ያንኑ አጨዋወት ለሰፈሬ ልጆች ስከለክል ምን ይባላል?

በውጭ አገርም ቢሆን በ1966 ዓ.ም. በምዕራብ ጀርመን በተደረገው የዓለም ዋንጫ ሪነስ ሚሼልስ ያሠለጠኑት የሆላንድ ቡድን ይህን በመሰለ አጨዋወት ዓለምን አስደንቆ በፍጻሜው 2 ለ 1 ተሸንፏል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የተነሡ ብዙ አሠልጣኞች ትምህርት የቀዱት ከተሸነፈው ቡድን ነው።

አሁን የእኛ ልጆች ከጎላቸው ፊት ተደርድረው ኳስ ወደ ሰማይ ይለጋሉ። ባለፈው እሑድ 0 ለ 0 ወጣን፤ ማንም አልሰደበንም። ከጨዋታው በኋላ ግን አንዱ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፥ ወደ ፊት መሮጥ ተከለከልን እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ።

በመሥሪያ ቤታችን አዲስ ለተቀጠረ ሠራተኛ እንኳ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ እንሰጣለን። ደመወዝ ለማይቀበል አሠልጣኝ ከዚህ ያነሰ መስጠት ተገቢ አይደለም። ስለዚህ በየሰፈሩ የምትገኙ የስፖርት ኮሚቴዎች ከእኛ ስሕተት እንድትማሩ አሳስባለሁ። እኔም በሚመጣው ስብሰባ ወጣቱ እንዲመለስ እጄን አወጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከዱከም