የካርቲየ 7 ቢስ ጓሮ፦ ለውሃው ማን ይከፍላል?

ሥራ ላጡና ጎዳና ለወጡ ወጣቶች የጋራ ጓሮ አትክልት ይዘጋጅላቸው የሚለው ሐሳብ በብዙ ከተሞች ተሞክሯል። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ እንደ ካርቲየ 7 ቢስ ባለ ቤት ከቤት የተጣበቀበት ሰፈር፣ ነገሩ የሚጀምረው ከዘርና ከዶማ ሳይሆን ከውሃ ቆጣሪ ነው።

በከተማዋ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እሱም አንዳንዴ ባንዴ ይወርድና፣ በፈረንጆቹ ኅዳር 2019 እንደሆነው፣ ሰፈር ያጥለቀልቃል። አንድ ካሬ ሜትር መደብ ግን በቀዝቃዛዎቹ ወራት እንኳ በቀን 5 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። የዓመቱ ዝናብ ተጠራቅሞ የአንድ ወር ውሃ ነው ማለት ነው! መቶ ካሬ ሜትር ጓሮ በየቀኑ ሁለት በርሜል ተኩል ይጠጣል።

ድሮ የከተማዋ አትክልት የሚመጣው ከአምቡሊ ወንዝ ዳር ነበር። ወንዙ ዳር ያሉትን ጓሮዎች ካለሙት ብዙዎቹ የመኖች ናቸው። ከተማዋ ስትሰፋ ከጉድጓዶቹ የሚሳበው ውሃ በዛ፣ ጨውም እየገባበት ሄደ። ከፈረንጆቹ 2017 ወዲህ ውሃው ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሐደጋላ አካባቢ፣ በቧንቧ ይመጣል፤ በ2021 ደግሞ ዶራሌ ላይ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ተመርቋል። ይህን በብዙ ገንዘብ የመጣ ውሃ መሬት ላይ መድፋት ያስቆጫል።

ስለዚህ የሚያዋጣው ጆንያ ውስጥ መትከል ነው። መሐሉ ላይ ጠጠር እንደ ምሰሶ ይቆምና ዙሪያው አፈርና ብስባሽ ይሞላል፤ ችግኙ ከላይም፣ በጎን በተበሳውም ቀዳዳ ይተከላል። ከላይ የፈሰሰው ውሃ በጠጠሩ በኩል እስከ ታች ይደርሳል። ከበላዩ የጥላ መረብ ያስፈልገዋል። ቲማቲምና ሽንኩርት በመኪና ከኢትዮጵያ ስለሚገባ ከእሱ ጋር መፎካከር ከንቱ ነው፤ መንገድ ላይ የሚጠወልገውን ቆስጣ፣ ሰላጣና ናና መትከል ይሻላል።

ከባዱ ግን የልጆቹ ጉዳይ ነው። ካሪታስ ጅቡቲ የተባለው የረድኤት ድርጅት በሚረዳቸው የጎዳና ልጆች መካከል ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ናቸው። የዛሬ እራቱን የሚያስብ ልጅ ቆስጣው እስኪደርስ አንድ ወር ተኩል ጠብቅ ቢባል አይጠብቅም፤ አይፈረድበትምም። እኛ አገር፣ ኢትዮጵያ፣ ይህ ችግር በሁለት መንገድ ተሞክሯል። በፈረንጆቹ 2008 የተጀመረው የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት የከተማ ጓሮ ፕሮግራም በኤች አይ ቪ የተጎዱ ሴቶችና ልጆችን ይዞ፣ ምርቱ መጀመሪያ ቤት ውስጥ እንዲበላ፣ የተረፈው እንዲሸጥ አደረገ። ኋላ የመጣው የከተማ ሴፍቲኔት ደግሞ በከተማ ግብርና ለሚሠራ ሰው በሥራው ልክ ገንዘብ ከፍሏል። ለ7 ቢስ ሁለተኛው ይቀርባል ባይ ነኝ፦ ልጁ የሚከፈለው ለሠራበት ቀን ይሁን እንጂ ለመከሩ አይሁን።

ይህም ቢሆን የሚያስኬደው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። ሰኔ ላይ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሳ በጓሮው ብዙ የሚተርፍ የለም። በእነዚያ የሙቀት ወራት የቀን ክፍያውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ጆንያ በፊት ተጽፎ መፈረም አለበት።