ዕውቅናው ላልተሟላ ትምህርት ቤት ስንት ይከፈላል?

በአሜሪካ አዲስ የኦፕቶሜትሪ (የዓይን ምርመራና የመነጽር ሙያ) ትምህርት ቤት ሙሉ ዕውቅና ይዞ ሥራ አይጀምርም። የሙያው የዕውቅና ምክር ቤት በቅድሚያ የሚሰጠው ተማሪ ተቀብሎ ለማስተማር የሚያስችል ቅድመ ዕውቅና ነው። ሙሉው የሚወሰነው የመጀመሪያው ዙር በ4ኛው ዓመት ለምረቃ ሲቃረብ ነው። የሙያ ፈቃድ ደግሞ ዕውቅና ካለው ትምህርት ቤት ተመርቆ የቦርድ ፈተና ላለፈ ነው። የመጀመሪያው ዙር ተማሪ እንግዲህ የ4 ዓመት ክፍያውን፣ ብዙ ጊዜም ብድሩን፣ ገና ባልተፈረመ ወረቀት ላይ ያውላል።

ቅድመ ዕውቅናው እንኳ ከሌለ ማመልከቻውን ማጠፍ ነው። ካለ ግን መደራደር ይቻላል፤ ነባሮቹ የተመራቂዎቻቸውን የፈተና ውጤት ሲያሳዩ አዲሱ የሚያሳየው የለውምና በዋጋ ሊክስ ይገባዋል። አመልካቹም የልምምድ ክሊኒኮቹ ውል መፈረሙን፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ተማሪው ወዴት እንደሚዛወር በጽሑፍ ይጠይቅ።